የሄኖክ አምስት ቁልፎች

ባለፈው እሑድ ሜሮን ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ በራችንን አንኳኳች። ሜሮን እዚህ ዓለም ባንክ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ደረጃው ረጥቧል፣ ነጠላ ጫማዋም ውኃ ቋጥሮ ይንጫጫል።

«ጽግዬ፣ አንቺ ድሮ ጌም ቤት ሠርተሽ ነበር እንዴ? እናትሽ ነገሩኝ።»

«ትንሽ ጊዜ» አልኳት።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ሰሌዳው አራት ቦታ ተከፍሏል። የሚከፈተው መስኮት አንዱ ባንዱ ላይ አልተደረበም፤ እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን ተደርድሯል። የሚነካ ሥዕል የለም፣ ጌጥ የለም። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል።

«ጌም ስጫወት ጣቴ የሆነ ቁልፍ ይነካና ጨዋታው ድርግም ይላል» አለች። «የክፍሌን ልጆች ብጠይቅ ‹አቦ እንደ ሰው ማውስ አትጠቀሚም?› እያሉ ሙድ ይይዙብኛል።»

«ትእዛዝ የምትሰጪበት ቁልፍ የቱ ነው? አልት ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አልት ነው።»

«ጨዋታውም አልትን ይፈልጋል። ሁለት ጌታ ያለው ቁልፍ ነው። አንዱ እንዲተኛ ማድረግ አለብሽ።»

የቁልፎቹ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ፋይል አስከፈትኳት። ጣቶቼ ከእኔ በተሻለ ያስታውሱ ነበር። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረስን። ሜሮን ጨዋታዋን ሞከረች፤ አልጠፋም። እየሳቀች ትከሻዬን መታ አደረገችኝና «ማን አስተማረሽ ግን?» አለችኝ።

«ወንድሜ» አልኩ።

«ወንድም አለሽ እንዴ?»

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ምናልባት ብጽፈው ይለቀኝ ይሆናል።

ያኔ ኮልፌ ነበርን። ቤታችን ከታክሲ ፌርማታው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ያሉበት መንደር ውስጥ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከእንቅልፋችን የሚቀሰቅሰን መዶሻ ነበር። ከአሮጌ በርሜል ባልዲ፣ ምድጃ፣ የጭስ ማውጫ ይሠራሉ። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ግን መዶሻው ይቆምና የጣራው ድምፅ ይተካዋል። ሁለቱም ጸጥ የሚሉት እሑድ ጠዋት በበጋ ብቻ ነው። ይህን የምናገረው ያለምክንያት አይደለም፤ በኋላ ይመጣል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ሱቅ ነበር። የኋለኛው መኝታችን ነው። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ችፑድ ስለሆነ እዚያ ሲያስነጥሱ እዚህ «ይማርህ» ይባላል። አባቴ ሲያርፍ እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። እማዬ ገበያ ወርዳ ቆጮና ቅቤ መሸጥ ጀመረች። ታላቅ ወንድሜ ሄኖክ የኮምፒውተር ጥገና እየተማረ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን የሆነ መሥሪያ ቤት ያስወገዳቸውን አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች በጋሪ አስጭኖ መጣ።

«ይሄ ሁሉ ሬሳ ምን ሊሆን ነው?» አለች እማዬ በሩ ላይ ቆማ።

«ጌም ቤት ነዋ።»

«እንደው ደርሶ! መጀመሪያ ይተንፍሱ እስቲ።»

ተነፈሱ። ግን አቅም አልነበራቸውም፤ ሌላው ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ሲጭንባቸው እንደ ሽማግሌ ያቃስታሉ። ስለዚህ ሄኖክ እጅግ ቀላል የሆነውንና መስኮቶችን ጎን ለጎን የሚደረድረውን ነገር ጫነባቸው። ሁሉም ነገር በቁልፍ ነው የሚታዘዘው። ይህም የመጣው ከችግር ነው፤ የሠፈሩ ልጆች ማውስ እንደ ደረቅ ዳቦ ነበር የሚፈረፍሩት። ቁልፍ ግን አይሰበርም። ኪቦርዶቹ በጣም ያረጁ፣ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ የሆኑ ነበሩና ዛሬ በሁሉም ላይ ያለው የመስኮት ምልክት ያለበት ቁልፍ እንኳ አልነበራቸውም። ለዚህ ነው ሄኖክ ትእዛዙን ሁሉ አልት ላይ ያሰረው። የዚያን ጊዜ ማንም የሚያመጣውን አላወቀም።

እኔ ጠባቂ ሆንኩ። ሄኖክ ለጥገና ሲወጣ ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ችግሩ ሰዓት መያዝ ሳይሆን ሰዓቱ ሲሞላ መናገር ነበር። ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ የምለው «አቤት» ለእኔ ብቻ ይሰማና፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀሪ እባል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝም አልተሻለኝም። ከወንዶቹ ጀርባ ሄጄ ቆሜ እጄን አፋትጋለሁ።

«ጽግዬ፣ አንዴ ብቻ! ልሞት ነው፤ ልሙትና እነሳለሁ።»

ይሞታል፤ አይነሳም። ተራ ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ይጮኹብኛል። ከሁሉ የባሰው ቀዮ ነበር፤ ፊቱ ቀይ፣ ምላሱ ስለት፣ ሁልጊዜ ሦስተኛው ማሽን ላይ የሚቀመጥ። ስቀርበው ዞር ሳይል «ጽግዬ፣ ትንፋሽሽ አንገቴን በረደኝ» ይለኝና ቤቱ በሳቅ ይፈነዳል። አንድ ቀን ሄኖክ ሲመለስ በር ላይ ሳለቅስ አገኘኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቀጥቃጮቹ በሌሉበት፣ ማይክራፎኑን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ አምስቱን ማሽኖች ፊት ለፊቱ አድርጎ ተቀመጠ።

«አንቺ አትጮሂም» አለኝ። «ቁልፉ ይጮህልሻል።»

ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ድምፅ ቀዳ። «አንድ ቁጥር፣ በቃ! ወንበር ልቀቅ!» ሁለተኛው ላይ ሳቁ አምልጦት ነበርና መጨረሻው ላይ ይሰማል። ሦስተኛው «ሦስት ቁጥር! ቀዮ፣ ሰምተሃል፣ በቃ!» የሚል ነው። አራተኛውን ሲቀዳ መሀል ላይ አሳለው። አምስተኛውን ሲጀምር በሩ ተንኳኳ፤ እኔ ለጎረቤት ወንፊት ላቀብል ወጣሁ። ስመለስ ማይክራፎኑ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ሄኖክ ምሳውን እየበላ ነው። አልት ይዞ ቁጥሩን መንካት ብቻ ነው። በቅርቤ ካለው ከየትኛውም እንድነካው ፋይሉንም ድምፁንም ወደ አምስቱም ማሽኖች ገለበጠው። አምስተኛው ማሽን ግን በሳምንቱ ስለተቃጠለ የእሱን ድምፅ የሚያስፈልገው ሰው አልተገኘም።

ሰኞ ቀዮ ሰዓቱ ሲሞላ ቁልፉን ነካሁ። ሄኖክ ጥግ ያለ መስሎት ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ወራት ያህል ንግሥት ነበርኩ። እማዬ ቀኑን ሙሉ ገበያ ስለምትውል ስለ ቁልፎቹ አታውቅም። ነገሩን መንገር እንደሚያስፈልግ ማን ያስባል?

ከጥምቀት በኋላ ሄኖክ ቆዳው ቢጫ ሆነ። ጉበት ነው አሉን። ሐኪም ቤት ስንመላለስ፣ ሾርባ በፔርሙስ ይዘን ታክሲ ስንጋፋ ሁዳዴ ገባ። ጾሙ ሳይፈታ ሄኖክ አረፈ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ስለ እሱ ሞት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እስከ አርባው ጌም ቤቱ ተዘጋ። የሐዘን ቤት ድምፅ አያወጣም። ከአርባው በኋላ ግን እማዬ ገበያ አልተመለሰችም። አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ችፑዱ አዙራ ትውላለች። ፀጉሯን ልሥራት አልኩ፣ እንቢ። ገንፎ ሠራሁ፣ ሁለት ጉርሻ። ቤቱ እንዲተነፍስ ስል ጌም ቤቱን ከፈትኩት። ልጆቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀስ ብለው ገቡ። ቀዮ እንደ ልማዱ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሞላ። ተነሳሁ፣ ከጀርባው ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ተመልሼ ቁልፉን ነካሁ።

«ሦስት ቁጥር! ቀዮ፣ ሰምተሃል፣ በቃ!»

የሁሉም እጅ ከቁልፉ ላይ ተነሳ። ቀዮ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም አያውቅም። ሳይከራከር ተነስቶ ወጣ።

መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሚያስፈልገኝ በላይ መንካት ጀመርኩ። ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ ወለሉን እጠርግና ባዶውን ወንበር እያየሁ ሁለት ቁጥርን እነካለሁ፤ ለዚያች ለሳቁ ስል። ድምፁን ቀንሼ ስለነበር ከግድግዳው አያልፍም ብዬ አምን ነበር። ወይም ማመን ፈልጌ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ልጆቹ አዲስ የጦርነት ጨዋታ በፍላሽ አመጡ። ተጫዋቹ አራት የወታደር ጓድ አለው። አንደኛውን ጓድ ለማዝመት አልት ይዞ አንድን መንካት ነው፤ ሁለተኛውን ሁለት፤ እንዲያ እያለ። የሄኖክ ቁልፎች! ልጆቹ ወታደር በላኩ ቁጥር ሄኖክ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ቀን ደነገጡ። በሦስተኛው ቀን ለመዱት። በሳምንቱ ይሳሳቁበት ጀመር።

«ሄኖኬ ተቆጣ!»

«ሄኖኬ፣ አንድ ደቂቃ ጨምርልን፣ ጀለስ አይደለንም?»

ቀዮ ብቻ አይስቅም ነበር። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ‹ተዉ› የሚለውን ቃል በአፌ ውስጥ እያገላበጥኩ እውል ነበር።

አንድ ከሰዓት እትዬ በላይነሽ ከአስኮ መጡ። የእማዬ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሄኖክ ሲያርፍ አገር ቤት ስለነበሩ ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው ነበርና ከበሩ ጀምሮ እያለቀሱ ገቡ። እማዬም ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አለቀሱ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ሻይ አቀረብኩላቸው። ወሬው ወደ መንገዱ ጭቃና ወደ ታክሲው ግፊያ ዞሮ ነበር። እትዬ በላይነሽ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ ከግድግዳው ጀርባ መጣ።

«ሦስት ቁጥር! ቀዮ፣ ሰምተሃል፣ በቃ!»

ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። «በስመ አብ! በስመ አብ! ማነው እሱ?»

እማዬ አልደነገጠችም። እግሯ ሥር የፈሰሰውን ሻይ እያየች፣ ለእንግዳ እንደሚነገር ተራ ነገር አድርጋ «ሥራ ላይ ነው» አለች።

እትዬ በላይነሽ እጄን ይዘው ወደ ደጅ ጎተቱኝ። ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ ነጠላቸው ላይ ሲወርድ አላስተዋሉትም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሄኖክ ድምፅ ነው።»

«ማሽን ነው እትዬ። በሕይወቱ እያለ ቀድቶት ነው።»

«እናትሽ ማሽን መሆኑን ታውቃለች?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ተናገሪ እንጂ! ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያ ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንዱን ቀብራችኋል። ሁለተኛዋ አእምሮዋ እየሄደ ነው። ዛሬ ነገ ሳትይ አጥፊው። አለዚያ ቁጭ ብላ እያየሻት ነው የምታጪያት።»

ማታ እናቴ ጎን ስተኛ አተነፋፈሷን እቆጥር ነበር። ማጥፋት አልቻልኩም፤ መተውም አልቻልኩም። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ፤ ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ሦስተኛ መንገድ አያጣም። ድምፁ እንዲኖር፣ ግን ልጆቹ ሲጫወቱ እንዳይቀሰቅሱት ማድረግ።

በማግሥቱ ልጆቹ ለምሳ ሲበተኑ ሄኖክ ያሳየኝን ፋይል ከፈትኩ። የእንግሊዝኛ ፊደል አውቃለሁ፣ ቃሉን ግን አላውቅም። እንደ ጥልፍ ቅርፁን እያየሁ ነበር የምገለብጠው። አንዳንዱ መስመር መሰላል በሚመስል ምልክት ይጀምራል። ሄኖክ አንድ ጊዜ «መሰላል ያለበትን ማሽኑ አያነበውም፤ ለሰው የተጻፈ ነው» ብሎኝ ነበር። የመሰላሎቹን መስመሮች በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል ስቆጥር የገዛ ቋንቋዬ ሆኑ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የጻፈው። ከአምስቱ ቁልፎች በላይ «ለጽጌ ጩኸት» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ጌም ሲጀመር ሁሉም ይተኛ። በኋላ የሚሠራ» ይልና ሥሩ ባዶ ነው። በኋላ የሚለው ጊዜ አልመጣለትም።

ያቆመበትን እኔ ቀጠልኩ። ከላይ በስተቀኝ ማንም የማይነካው አንድ ቁልፍ አለ፤ እሱ ሲነካ የአልት ትእዛዞች ሁሉ እንዲተኙ፣ ሲደገም እንዲነቁ። ሌላ ቦታ የጻፈውን እያየሁ፣ ቅርፁን ቀድቼ ቦታውን እያቀያየርኩ ጻፍኩ። ማሽኑ ሰሌዳው አናት ላይ ቀይ መስመር አወጣብኝ። ስህተት አለ ማለት ነው። አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ ቀይ። በማግሥቱም ቀይ። በሦስተኛው ቀን የሄኖክን መስመሮች ከእኔ ጋር አንድ በአንድ ሳመሳክር፣ የከፈትኩትን ቅንፍ ሳልዘጋ መተዌን አየሁ። ዘጋሁት። ቀዩ ጠፋ። ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። በዚያ ቤት ከሞቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር መሰለኝ።

አስተኛሁት፣ ቁልፎቹን ነካሁ፤ ጸጥታ። ቀሰቀስኩት፣ አንድ ነካሁ፤ ጮኸ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሁሉም ነቅተዋል። ዝናቡም ድንገት አባራ። ሥራዬን ላጠናቅቅ ብዬ፣ ከዚያ በፊት ነክቼው የማላውቀውን አምስትን ነካሁ።

«አምስት ቁጥር፣ በቃ! ወንበር ል...»

ከሩቅ፣ ከኋለኛው ክፍል፣ የሴት ድምፅ አቋረጠው። «ሄኖኬ! ምሳ ቀዘቀዘ እኮ!»

እማዬ ነበረች፤ ያኔ ገበያ በሌለበት እሑድ ምሳ ስትሠራ የነበረችው እማዬ። ከዚያ እሱ፣ ፊቱን ከማይክራፎኑ አዙሮ፣ ጌም ቤት በሚጮህበት ሳይሆን ቤት ውስጥ በሚያወራበት ድምፁ፦

«መጣሁ እማዬ!»

ወንበር ተንቋቋ። አለቀ።

ከግድግዳው ጀርባ አልጋው ሲጮህ ሰማሁ። ቀጥሎ እግር። ቀጥሎ የሳህን ድምፅ።

ስገባ እማዬ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ራሷን ችላ ምድጃ አጠገብ ስትቆም አላየኋትም። ጠዋት የሠራሁትን ጎመን አሙቃለች፣ ቆጮውን ቆራርሳለች። ለእኔ በትሪው ላይ አቅርባለች። ከጎኑ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ሳህን በሌላ ሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። እኛ ቤት ሥራ ቆይቶ ለሚመጣ ሰው ድርሻው እንዲያ ተከድኖ ይቆየዋል። ሰማያዊው የሄኖክ ነው።

«አንቺ ብዪ፣ አትጠብቂው» አለች። «መጣሁ ካለ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።»

እስከ ዛሬ ከየት እንዳመጣሁት በማላውቀው ጉልበት ክንዷን ያዝኩና «ነይ» አልኳት። በመካከለኛው በር አድርጌ ማሽኑ ፊት አስቀመጥኳት። እጇን ወስጄ ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረግሁት።

«ይሄን ያዢ። አሁን አምስትን ንኪ።»

ነካች። ድምፁ መጣ። የራሷ ድምፅ ከውስጡ ሲወጣ ወደኋላ ተመለሰች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«እንዲህ ነው የምጮኸው?»

«እንዲህ ነው።»

እንደገና ነካች። እንደገና። ከማሽኑ ይልቅ ጣቷን ነበር የምታየው። ከሦስተኛው በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችና «የጠዋት የጠዋቱም ይሄው ነበር?» አለችኝ። «ማንም ሳይመጣ የሚስቀው?»

ሰምታዋለች። ሁሉንም ሰምታዋለች። «እኔ ነበርኩ» አልኳት።

ከውጭ አንዱ ቀጥቃጭ መዶሻውን ማሟሟቅ ጀምሯል። «እኔኮ አብጄ መስሎኝ ነው» አለች በመጨረሻ። «ለሰው ብናገር ፀበል ይወስዱኛል ብዬ ዋጥ አደረግሁት። በኋላማ፣ ካበድኩ አይቀር ድምፁን መስማቱ ይሻለኛል ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አንቺ ለመናገር ሰንፈሽ ነው እንጂ እሱስ መቼ መጣ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ስንት ወር ነው የሞተ ልጅ የምታሠሪው፣ ጽጌ? በሕይወት እያለ ያሠራነው አይበቃም? አንቺ አፍ የለሽም?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ገባች። ስከተላት ከሰማያዊው ሳህን ላይ ክዳኑን አንስታ ትሪው ላይ ገለበጠችውና «ቀዝቅዟል፤ ነይ» አለችኝ። ድርሻውን ሁለታችን በላነው። ጎመኑ ጨው በዝቶበት ነበር፤ እንባችንም አልቀነሰለትም።

ከሰዓት ልጆቹ ሲመለሱ በየማሽኑ ከአራቱ መስመሮች ፊት መሰላሉን አስቀመጥኩ። አላጠፋኋቸውም። ማሽኑ እንዳያነባቸው ብቻ አደረግሁ። አምስተኛውን ምን ላድርገው ብዬ እማዬን ስጠይቃት «ካለበት አታንሺው፣ ግን አትንኪው» ስላለች እሱንም መሰላል ሥር አሳረፍኩት። የቀዮ ሰዓት ሞላ። ቁልፉን ለመንካት እጄ ሄደ፤ መለስኩት። ተነሳሁ።

«ሦስት ቁጥር፣ በቃ» አልኩ።

ማንም አልሰማም። ከግድግዳው ጀርባ ግን እናቴ እየሰማች እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሦስት ቁጥር! ቀዮ! ሰምተሃል፣ በቃ!»

አንዱ ልጅ «ኧረ ጽጌም ድምፅ አላት እንዴ!» ሲል ሳቅ ተነሳ። ቀዮ ዞሮ አየኝ። ሊቀልድ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «እሺ፣ ጽግዬ» ብሎ ተነሳ። በሳምንቱ እማዬ ፀጉሯን ተሠራች። መስከረም ሳይጠባ ገበያ ወረደች።

ያ ቤት ዛሬ የለም፤ መንደሩ ለልማት ፈረሰ። ማሽኖቹን ቀጥቃጮቹ ወሰዷቸው። ሣጥኖቻቸው የሆነ ሰው ቤት ምድጃ ሆነው ሊሆን ይችላል። ፋይሉንና አምስቱን ድምፆች ግን በአንዲት ፍላሽ ገልብጬ ነበር። ከቤት ቁልፌ ጋር አብራ ተንጠልጥላለች፤ በሄድኩበት ትሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ከፍቼያት አላውቅም። ፍላሽ ሲቆይ በውስጡ ያለው ይጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሑድ ዕለት የሜሮን ላፕቶፕ ጠረጴዛችን ላይ ተከፍቶ ሳለ ፍላሿ መዳፌ ውስጥ ነበረች፤ ልሰካት ሁለት ጣት ነበር የቀረኝ። ሁለት ነገር ፈራሁ። አንዱ ባዶ ሆና እንዳትገኝ ነው። ሌላው ባዶ እንዳትሆን ነው።

ሜሮን ከወጣች በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ከኩሽና የእማዬ ድምፅ መጣ። አርጅታለች፤ አጠራሯ ግን ካሴት ላይ እንደተቀዳ ምንም አልተለወጠም።

«ጽጌ! ምሳ ቀዘቀዘ እኮ!»

«መጣሁ እማዬ!» አልኩ፣ ግድግዳ እንዲያልፍ አድርጌ።

እንዲህ ስመልስላት የማንኪያው ድምፅ ሁልጊዜ ለአፍታ ያህል ይቆማል። እኔም ባለሁበት እቆማለሁ። ከዚያ ማንኪያው ይቀጥላል፤ እኔም እሄዳለሁ።